የመጀመሪያው ተርም ፔፐሬ ተመለሰ፤ ዳር ላይ «አንቺ የት አለሽ?» ይላል

ቅዳሜ ተማሪ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነብ ኖሬ ገና ዛሬ መጻፌ ነው።

ሰባት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምሬ ዘንድሮ ማስተርስ ጀመርኩ። የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ነው። አርብ ከሰዓት ክፍሌን ጨርሼ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ እሁድ ማታ እመለሳለሁ። ድካሙን ተዉት፣ ለምጄዋለሁ።

ለአንዱ ኮርስ ተርም ፔፐር ጻፉ ተባልን። ከመቶ 30 ይይዛል። ርዕሴን «የዋጋ ንረት በኢትዮጵያ፦ መንስኤዎቹና ውጤቶቹ» አልኩት። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ 22 ገጽ ጻፍኩ። 31 ሪፈረንስ አለው። በየአንቀጹ መጨረሻ የጸሐፊውን ስምና ዓመቱን በቅንፍ አስገብቻለሁ። የማንንም አልሰረቅኩም።

ትናንት ተመለሰልኝ። ተርኒቲን (ጽሑፍ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚፈትሸው ሶፍትዌር) 43 ፐርሰንት ይላል። እሱም አስደንግጦኛል፤ የባሰው ግን ሌላ ነው። ገጽ 2 ዳር ላይ መምህራችን በእስክሪብቶ «አንቺ የት አለሽ?» ብለው ጽፈዋል። ገጽ 6 ላይ «ይህስ የማን ሐሳብ ነው?»። መጨረሻው ላይ «ኦሪጅናል አድርገሽ በሦስት ሳምንት ውስጥ መልሺው»።

ምን ልሁን? ገና አንድ ሴሚስተር ያልጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለ ዋጋ ንረት ስንቱ ዶክተር ጽፏል። እነሱ ያላሉትን እኔ ከየት አመጣለሁ? ኦሪጅናል የሚሉት ምኑን ነው?

አራዳው፦

43 ብቻ? የኛ ክፍል ሪከርድ 71 ነው። ሪፖርቱ ከዳር እስከ ዳር ቀለም ተቀብቶ የአበባ እርሻ መስሎ ነበር። አይዞሽ። ቁም ነገሩን የሚያወሩ ሰዎች ይመጣሉ።

ጠቃሚ ሰው፦

እህት በውስጥ አናግሪኝ። ከፕሮፖዛል እስከ ቴሲስ፣ ፕላጀሪዝም የሌለው፣ በአምስት ቀን። ዋጋ በስምምነት።

አራዳው፦

ይኸው። የመብራት እንጨት ላይ የተለጠፈው ወረቀት እግር አውጥቶ እዚህም ደረሰ።

ቀይ እስክሪብቶ፦

እኔ ከሚያርሙት ወገን ነኝ። የአንቺ መምህር አይደለሁም፣ ግን ያንን ማስታወሻ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ 43ቱ። ተርኒቲን ሌባ አይዝም። ተመሳሳይ ልብስ የለበሱ ሰዎችን ነው የሚያሳይሽ። የሪፈረንስ ዝርዝርሽም፣ በትምህርተ ጥቅስ ያስገባሽውም ይቆጠራል። መምህርሽ እነዚያን እንዲያስወጡልሽ ጠይቂ፤ ቁጥሩ ይወርዳል። 28 ይዞ የመጣ አሳልፌ 9 ይዞ የመጣ ጥያለሁ። የ9ኙ ባለቤት የሌላ ሰው ጽሑፍ ከሌላ ቋንቋ መልሶ ነበር ያመጣው።

አሁን ወደ በሽታው። «በየአንቀጹ መጨረሻ ስም አስገብቻለሁ» ብለሻል። እዚያ ላይ ነው ችግሩ። አንድ ምሳሌ ልስራ፤ ዐረፍተ ነገሩን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አንድ አርቲክል እንዲህ ይላል እንበል፦

«የምግብ ዋጋ መናር ከገጠሩ ይልቅ የከተማውን ድሃ ይጎዳል፤ ምክንያቱም የከተማው ድሃ አብዛኛውን ገቢውን ለምግብ ያውላል።»

ተማሪው እንዲህ ብሎ ያመጣልኛል፦

«የምግብ ዋጋ መጨመር ከገጠር ነዋሪዎች በላይ የከተማ ድሆችን ይጎዳል፤ ይህም የሆነው ድሆች አብዛኛውን ገቢያቸውን ምግብ ላይ ስለሚያወጡ ነው (እገሌ፣ 2015)።»

ካፖርቱ የእገሌ ነው። ተማሪው ቁልፎቹን ነው የቀየረው። በቅንፍ ስም ማስገባቱ ካፖርቱን የሱ አያደርገውም። አሁን ሦስተኛውን እይ፦

«እገሌ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የከተማው ድሃ ነው ይላል (2015)። ነገር ግን ብዙ ገበሬ ክረምት ላይ ጎተራው ባዶ ስለሚሆን እሱም እህል ገዢ ነው። ስለዚህ ይህ ክርክር ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሊላላ ይችላል።»

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የእገሌ ነው። ሁለተኛው መረጃ ነው፤ ምንጭ ትፈልጊለታለሽ። ሦስተኛው ያንቺ ነው። ሦስቱም ባለቤታቸው ይታወቃል። ከጀማሪ የማስተርስ ተማሪ የምፈልገው ይህን ነው። አዲስ ቲዎሪ አምጪ ያለሽ የለም። «አንቺ የት አለሽ?» ማለት ያ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር የት አለ ማለት ነው።

ቅዳሜ ተማሪ፦

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። ፔፐሬን ከፍቼ ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር ፈለግኩ። 22 ገጽ ውስጥ ሁለት ቦታ አገኘሁ። አንዱ «ስለዚህ መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» የሚል ነው። እሱም ያስቆጥር እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የሰው ዐረፍተ ነገር አጠገብ የምቆመው ስንፍና ይዞኝ አይደለም። እንግሊዝኛዬ ነው። የነሱ ሲነበብ ይፈሳል፣ የኔ ይንገጫገጫል። አንድ መስመር በራሴ ቃል እጽፍና አፍራለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ወደነሱ እጠጋለሁ። እውነቱ ይኸው ነው።

ደግሞ ስለ ዋጋ ንረት በርግጠኝነት የማውቀው የእናቴን እቁብ ብቻ ነው። አምና ዕጣ መጨረሻ ደረሳትና «እኔ እጅ ሲገባ ብሩ ረከሰ» እያለች ወር ሙሉ አማረረች። እሱን ደግሞ ጆርናል ላይ አልጽፈው።

አራዳው፦

«መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ከሌለበት ተርም ፔፐር አይባልም። ማኅተሙ እኮ ነው።

ከፍራንክፈርት፦

ስለ እንግሊዝኛው የተናገርሽውን አደባባይ ላይ የሚናገር ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ እኔም ልናገር።

እዚህ ጀርመን የኮርስ ወረቀት ሀውስአርባይት ይባላል። መጨረሻው ላይ አንድ ገጽ መግለጫ አለ። «ይህን ሥራ በራሴ ሠርቻለሁ፤ ከጠቀስኳቸው ምንጮች ውጭ አልተጠቀምኩም» ብለሽ ትፈርሚያለሽ። የመጀመሪያዬን ስፈርም እጄ ተንቀጠቀጠ። ጽሑፌ ቁልፍ የተቀየረ ካፖርት መሆኑን አውቀዋለሁ እኮ።

ያዳነኝ ዘዴ ተራ ነገር ነው። አርቲክሉን አነበዋለሁ፤ ከዚያ ላፕቶፑን እዘጋለሁ። ስልኬ ላይ ድምፅ መቅጃውን እከፍትና ለእህቴ እንደማስረዳ በአማርኛ እናገራለሁ። «ስሚ፣ ይሄ ሰውዬ የሚለው እንዲህ ነው። እኔን ያላሳመነኝ ግን እዚህ ጋ ነው።» አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ የቀዳሁትን እየሰማሁ በአጫጭር እንግሊዝኛ እጽፋለሁ። አርቲክሉን መልሼ የምከፍተው ቁጥርና ገጽ ለማረጋገጥ ብቻ ነው። በአማርኛ መናገር ያልቻልኩት ነገር ካለ አልገባኝም ማለት ነው። ተመልሼ አነባለሁ።

ፕሮፌሰሬ ስለ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮቼ አንድም ቀን ቅር ብሏቸው አያውቅም። «ይህን በግልጽ ጽፈሃል» ነው ያሉኝ። የሚፈሰው እንግሊዝኛ ሃያ ዓመት የጻፈ ሰው እንግሊዝኛ ነው። ያንቺ እስኪመጣ ይንገጫገጭ።

የቆሎ ተማሪ፦

ርዕሱን ሳየው ሳቄ መጣ። እኔ ልጅ ሆኜ ጎጃም ቅኔ ቤት ነበርኩ። ለማስተርስ ከመግባቴ ከብዙ ዓመት በፊት ማለት ነው።

እዚያ «ኦሪጅናል ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የኔታ መንገዱን ያሳያሉ፣ ምሳሌ ይሰጣሉ። ከዚያ ተማሪው ዛፍ ሥር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ይበተናል። ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ያቀኑለታል፣ ወይም ያፈርሱበታል። የጓደኛውን ይዞ የቀረበ ጉዱ ነው። የራሱንም ቢሆን ትናንት ያለውን ዛሬ አይደግምም። የሚገርመው ቃሉ ነው። ቅኔ ማቅረብ ዘረፋ ይባላል። ዘረፋ ተብሎ ሌብነት የማይፈቀድበት ቦታ ቢኖር እሱ ነው።

ልብ በይ ግን። ጀማሪውን መወድስ አምጣ አይሉትም። መወድስ ስምንት ቤት ነው። ጀማሪ የሚገባው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ግሱ የሁሉም ነው፣ ዜማው የሁሉም ነው፣ ታሪኩም የሁሉም ነው። ያቺ ሁለት ቤት ውስጥ ያለችው ምሥጢር ግን የራስህ መሆን አለባት። ትንሽ ትሁን እንጂ የሰው አትሁን።

«የዋጋ ንረት በኢትዮጵያ» መወድስ ነው እህቴ። ጉባኤ ቃናሽን አምጪ።

ዳታ አፍቃሪ፦

ጉባኤ ቃናዋን አምጥታለች እኮ፣ አላያችሁትም? የእናቷ እቁብ!

ቅዳሜ ተማሪ፣ አብረን እናስላ። 12 ሰው፣ በወር 2,000 ብር። ዕጣ የወጣለት 24,000 ይበላል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዕጣ መካከል ዋጋ በ20 ፐርሰንት ቢጨምር የመጨረሻዋ 24,000 በመጀመሪያው ወር ዋጋ 20,000 ነው። 4,000 ብር ተነነ። የሁለት ወር እቁብ ማለት ነው። ለመጀመሪያው ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ብሩ ሳይረክስ በላ፣ የሚከፍለው በረከሰ ብር ነው።

ታዲያ ጥያቄሽ ይሄ አይሆንም ወይ? ዋጋ ሲንር እቁቦች ደንባቸውን ምን አደረጉት? ዙሩን አሳጠሩ? መዋጮ ጨመሩ? ዕጣ መሸጥ በዛ? የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የተለወጠ ነገር አለ? ሰዎቹ ሰፈርሽ ውስጥ ናቸው፣ ዳኛውንም ጸሐፊውንም ታውቂያቸዋለሽ። የትኛውም ዶክተር ያንቺን እናት አላነጋገራትም።

ለዋጋው ዳታ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣውን የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ውሰጂ። እስከ 2021 (እ.ኤ.አ.) ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል ነበር፤ የድሮውን ስትጠቅሺ በድሮ ስሙ ጥቀሺ።

ቅዳሜ ተማሪ፦

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። እውነት ይሄ ተርም ፔፐር ይሆናል? እቁብ?

ቀይ እስክሪብቶ፦

ይሆናል። እንዲያውም ላቅናሽ፤ ዳታ አፍቃሪ አንድ ጉድጓድ ትቶልሻል።

እናትሽ ከማን ጋር ሲወዳደሩ ነው የተጎዱት? እቁቡን ትተው በየወሩ 2,000 ብር ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጡ በ12ኛው ወር ያላቸው ያው 24,000 ነው። የረከሰውም ያው ብር ነው። ከሳጥኑ ጋር ሲታይ አልተጎዱም። የተጎዱት ቀድሞ ዕጣ ከወጣለት ጎረቤት ጋር ሲታይ ነው። ስለዚህ የዋጋ ንረት እቁቡን አላከሰረውም፤ አባላቱን ነው ያበላለጠው። ይህ ትክክል ነው ወይስ የሚፈርስበት ቦታ አለው? ሞግቺኝ። ስትሞግቺኝ የኔን ክርክር «እንዲህ የሚል መከራከሪያ አለ» ብለሽ አስገቢው፤ ከዚያ ያንቺን ከሥሩ ጻፊ።

ወደ መጻሕፍቱ ስትሄጂ በዓለም አቀፉ ስም ፈልጊ። ሮስካ ይሉታል፤ ዙሩን ጠብቆ የሚሄድ የቁጠባና የብድር ማኅበር ማለት ነው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተጻፈበት ነው። እቁብ በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት አይጻፍም። አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ፣ ሦስተኛው በድርብ ኪው ይጽፈዋል። ሁሉንም ሞክሪ፤ አለበለዚያ ግማሹ ያመልጥሻል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴሲስ ማከማቻ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ነው። እዚያ ሌሎች ምን እንደጠየቁ እይ፣ አንቺ ያልጠየቁትን ትጠይቂያለሽ።

ሁለት ልጆች አባት፦

ይቅርታ፣ እኔ ደስታችሁን ላደፈርስ ነው።

ባንክ ነው የምሠራው። ማታ እማራለሁ። በሴሚስተር አራት ኮርስ፣ በየኮርሱ አንድ ተርም ፔፐር፣ ሁለት አርቲክል ሪቪው፣ አንድ ግሩፕ አሳይመንት። ግሩፑ አምስት ሰው ነው፣ የሚሠራው አንድ። አንድ መምህራችን ርዕስ የሚሰጠን ያምና ተማሪዎችን ርዕስ ነው። አንድ ጊዜ ለፍቼ የራሴን ጻፍኩ፣ ከመቶ 74። ጓደኛዬ ያምናውን ቀባብቶ አስገባ፣ 86። ወረቀቱ ሲመለስ ሁለታችንም ላይ አንድ የእስክሪብቶ ምልክት የለም። ኦሪጅናል የምትሉት ለሚያነብ ሰው ነው። ለማያነብ ሰው ማን ይለፋል?

ቀይ እስክሪብቶ፦

መልስ የለኝም። እውነት ነው። አንዳንዶቻችን አናነብም። በአንድ ሴሚስተር 140 ወረቀት ያስገቡብኝ ጊዜ እኔም መግቢያና መደምደሚያ ብቻ አይቼ ማርክ የሰጠሁበት ቀን አለ። ያፈርኩበት ነው።

የቅዳሜ ተማሪ መምህር ግን ገጽ 6 ድረስ አንብበዋል።

ስም አልናገርም፦

እኔ ከፍዬ አስጽፌ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ብቻ በከፈትኩት አካውንት ነው።

ወረቀቱ ያምር ነበር። መምህሩ ክፍል ውስጥ «ገጽ ዘጠኝ ላይ ያለውን ሞዴል ለምን መረጥከው?» አሉኝ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ሞዴል መኖሩን የሰማሁት ያኔ ነው። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። አልጣሉኝም፤ ሲ ሰጡኝ። ግን ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ዓይኔን አይተው አያውቁም።

ጠቃሚ ሰው፦

እኛ ከዲፌንስ ዝግጅት ጋር ነው የምንሰጠው።

አራዳው፦

አድሚን የለም እዚህ ቤት?

ዝምተኛ አንባቢ፦

ቻትጂፒቲስ? ሁሉም እየተጠቀመ ማንም የማያወራው ለምንድን ነው?

ከፍራንክፈርት፦

እኔ ላውራ። አንድ ቀን ስለ ሮስካ ስድስት ምንጭ ስጠኝ አልኩት። ስድስት ሰጠኝ፣ ርዕሳቸው የሚያማልል። አንድ በአንድ ፈለግኳቸው። ሁለቱ አሉ። ሁለቱ ጸሐፊዎቹ እውነተኛ ሰዎች ናቸው፣ አርቲክሉን ግን አልጻፉትም። የቀሩት ሁለት የትም የሉም። ከፍተሽ ያላየሽውን ምንጭ ወረቀትሽ ላይ አታስገቢ፣ በቃ።

በሌላ በኩል ደግሞ «ይህን የጻፈው ኤአይ ነው» የሚሉት መፈተሻዎችም ለእኛ ዓይነቱ ክፉ ናቸው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መፈተሻዎችን ሞከሩ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ራሳቸው ከጻፏቸው የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላዩን የማሽን ነው አሏቸው። በቀላል ቃል መጻፍ አስጠረጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ጉግል ዶክስ ላይ ጻፉ። የእያንዳንዱን ቀን ለውጥ ይዞ ያስቀምጣል። የተናገራችሁትን ድምፅ አታጥፉ። ማስታወሻ ደብተራችሁን አትጣሉ። «አንቺ አልጻፍሽውም» ያለ ሰው ቢመጣ ሦስት ሳምንቱን ታሳዩታላችሁ።

ለሰዋስው ማቃናት መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነ ግን መምህሩን ጠይቁ። ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ከመምህር መምህርም ይለያያል።

ጠበቃ ነኝ ባይ፦

የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ሁለት ነገር ብቻ ጣል ላድርግ።

አንደኛ፣ ሰዎች የቅጂ መብትንና የትምህርት ሐቀኝነትን ያምታታሉ። የቅጂ መብት አዋጃችን ሐሳብን አይጠብቅም፤ ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ ነው የሚጠብቀው። ዩኒቨርሲቲ ግን ሐሳቡንም ይቆጥራል። በራስሽ ቃል ብትጽፊውም ሐሳቡ የእገሌ ከሆነ ስሙን ትጠሪያለሽ። በፍርድ ቤት የማያስከስስሽ ነገር የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ፊት ሊያቀርብሽ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዓመተ ምሕረት። ያው የቅጂ መብት አዋጅ በአማርኛው ቁጥር 410/1996 ነው፣ በእንግሊዝኛው 410/2004። አንድ ጓደኛዬ ሁለት የተለያዩ አዋጆች መስለውት «በስምንት ዓመት ውስጥ የታየውን የሕግ ለውጥ» የሚል ክፍል ጻፈ። እሱ በርግጥ ኦሪጅናል ነበር።

አራዳው፦

ሆዴን አመመኝ። ተርኒቲን ዜሮ ነው ያለው አይደል?

ጠበቃ ነኝ ባይ፦

ዜሮ ነጥብ ዜሮ። ከዓለም አንደኛ።

ዞቴሮ ያሰለቸው፦

ከርዕሱ ትንሽ ወጣሁ መሰለኝ፣ ግን ያበሻ ስም እንዴት ነው የምታስገቡት? ዞቴሮ (ሪፈረንስ የሚያደራጀው ሶፍትዌር) አባትየውን ወደፊት አምጥቶ ልጁን ወደ አንድ ፊደል ያሳጥረዋል። «አበበ ከበደ» ብዬ አስገባሁት፣ «ከበደ፣ አ.» ሆኖ ወጣ። ሰውየው አባቱን ሆነ።

ቀይ እስክሪብቶ፦

የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናሎች አብዛኛውን ጊዜ አይገለብጡትም። ስሙን ከነአባቱ እንዳለ ያስቀምጣሉ፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና። ዞቴሮ ላይ ከስሙ ሳጥን አጠገብ ሁለቱን ሳጥን ወደ አንድ የምትቀይር ትንሽ ቁልፍ አለች። እሷን ተጫን። የውጭ ጆርናል ከሆነ ግን የነሱን ደንብ ጠይቅ። ዋናው በአንድ ወረቀት ውስጥ አንዱን ገልብጦ ሌላውን አለመተው ነው።

ቅዳሜ ተማሪ፦

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለስኩ። ብዙ ነገር ሆነ።

ሦስት እቁብ አነጋገርኩ። አንዱ የእናቴ ነው፣ ሁለተኛው የትምህርት ቤታችን መምህራን፣ ሦስተኛው ገበያ ያሉ ነጋዴዎች። የእናቴ እቁብ መዋጮ አልጨመረም፣ ደንብም አልለወጠም። «ደንብ ከነካን ይፈርሳል» አሉኝ ዳኛው። መምህራኑ ዙሩን ከ20 ሰው ወደ 10 ቆርጠውታል። ነጋዴዎቹ ቀድሞም ሳምንታዊ ነው የሚጥሉት። አንዷ ነጋዴ «በሳምንት ምን ይረክሳል? ሳይረክስ እገዛበታለሁ» አለችኝ። ይህን ስትለኝ እዚያው ቆሜ ጻፍኩት።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገርም አለ። የመጀመሪያ ዕጣ የሚወጣላቸው ሰዎች ብሩን ብር አድርገው አያስቀምጡትም። ወዲያው ዕቃ ይገዛሉ፤ ቆርቆሮ፣ ፍሪጅ፣ በግ። መምህር፣ ከሳጥኑ ጋር ያወዳደሩት እዚህ ጋ ነው የሚፈርሰው መሰለኝ። እናቴ ያለ እቁብ ብትሆን ሳጥን ውስጥ አታስቀምጥም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ዕቃ ትገዛበታለች፣ ሽንኩርትም ዘይትም። እቁቡ ብሩን ከእጇ ያዘባት። ስለዚህ የመጨረሻዋ ዕጣ ከሳጥኑ ጋር ሳይሆን ከዘይቱ ጋር ነው መወዳደር ያለባት። ተሳሳትኩ?

ቀይ እስክሪብቶ፦

አልተሳሳትሽም። ያ አንቀጽ የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ አይደል? መሐል ላይ፣ የኔን መከራከሪያ ካስገባሽ በኋላ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ሰዎቹን ስታነጋግሪ ለምን እንደሆነ ነግረሻቸዋል? ፈቃዳቸውን ጠይቀሻል? ስማቸውንም የእቁባቸውንም ስም አታስገቢ። ደግሞ ሦስት እቁብ ሦስት እቁብ ነው። «በኢትዮጵያ እቁቦች» እንዳትዪ። «ባነጋገርኳቸው ሦስት እቁቦች» በይ።

ቅዳሜ ተማሪ፦

ነግሬያለሁ፣ ፈቅደዋል። አንዱ እንዲያውም «ለገቢዎች ካልሆነ ጠይቂ» አሉኝ። መግቢያዬን እንዲህ ጀምሬዋለሁ፤ እዚህ በአማርኛ አቀርበዋለሁ፦

«ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ በተለያዩ የቁጠባ ዘዴዎች ሲገለገል ቆይቷል። ቁጠባ ለአንድ አገር ዕድገት ወሳኝ ሚና ይጫወታል። በኢትዮጵያም እቁብ ከፍተኛ ቦታ አለው። አምና በአንድ የሰፈር እቁብ ውስጥ መጨረሻ ዕጣ የደረሳት ሴት 24,000 ብር ተቀበለች። ዙሩ ሲጀመር ልትገዛበት ያሰበችውን ቆርቆሮ ግን መግዛት አልቻለችም። ይህ ጽሑፍ በእሷና በመጀመሪያው ባለዕጣ መካከል ምን እንደተፈጠረ ይጠይቃል።»

ከፍራንክፈርት፦

ከአራተኛው ዐረፍተ ነገር ጀምሪ። ሦስቱን ደምስሺያቸው። እነሱን 43 ፐርሰንቱ ውስጥ አይቻቸዋለሁ።

የቆሎ ተማሪ፦

እኔም እንዲያ ልል ነበር። «ከጥንት ጀምሮ» ይዞ የሚቀርብ ተማሪ ነበረን፤ የኔታ ገና አፉን ሲከፍት «ከዛሬ ጀምር» ይሉት ነበር።

ዳታ አፍቃሪ፦

የሦስቱንም ዙር መጀመሪያና መጨረሻ ወር ከኢንዴክሱ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጪ። አንድ ገጽ ይበቃል። ሠንጠረዡ ሥር «የራሴ ስሌት» ብለሽ ጻፊ። ያን ቃል ስትጽፊ ደስ ይልሻል።

ቅዳሜ ተማሪ፦

ሦስቱን ደመሰስኩ። አሁን 14 ገጽ ነው፣ ዘጠኝ ሪፈረንስ። ቅዳሜ አስገባዋለሁ።

ማታ ለእናቴ የተወሰነውን በአማርኛ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ «ስሜ የት ጋ ነው?» አለች። ስም አይገባም እማ፣ አንቺ «ተሳታፊ 3» ነሽ አልኳት። «ሦስተኛ?» አለች። «መጀመሪያ ያነጋገርሽው እኔን አይደለም እንዴ? እዚህም መጨረሻ ዕጣ!»